ምክንያት ይምረጡ

በአውቶቡስ ድርጅታችን ግቢ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሾፌሩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ ጥበቃውም «እትዬ ስምሪት» ይላታል። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚነዳው፣ ማን ቀርቶ በማን እንደሚተካ የምትመድበው እሷ ስለሆነች የክፍሉ ስም የእሷ ስም ሆኖ ቀረ። አዲስ ተቀጣሪዎች ግን «ስምረት» ይሏታል፤ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ይመስላቸዋል። እሷም አታርማቸውም። አንዱ ሾፌር ሲያገባ የጥሪ ካርዱ ላይ «ለወይዘሮ ስምረት ከነባለቤትዎ» ብሎ ጽፎላት ግቢው ሁሉ አንድ ሳምንት ስቋል። ከሁሉ በላይ የሳቀው ባለቤቷ ነበር። «ስምሽን ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥተሽ፣ እኔን ደግሞ ከነ አደረግሽኝ» ብሎ ይቀልድባት ነበር።

ባለቤቷ እዚያው ጋራዣችን ውስጥ መካኒክ ነበር። ኩላሊቱን ታሞ ጥቂት ወራት ተኛ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ፣ ከዚያ ሞተ።

እኔ ከስምሪት ክፍሉ ቀጥሎ ባለችው የነዳጅ ክፍል ነው የምሠራው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፖርሳቶ ስለሆነ ስታስነጥስ ከወዲህ ሆኜ «ይማርሽ» እላታለሁ። የምተርከው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው፤ የቀረውን እሷው ነግራኛለች።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ ሁላችንም ፈርተን ጠበቅናት። አንዷ መሐረብ በኪሷ ይዛ ነበር። እሷ ግን ገባች፣ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለች፣ «አምስተኛው አውቶቡስ ጎማው ተቀየረ ወይ?» ብላ ጠየቀች። በቃ። አላለቀሰችም። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ነገሩ ቢያሳስባት አንድ ቀን ቢሮ ድረስ መጥታ «አልቅሺ እንጂ አንቺ ልጅ! ሰው ምን ይላል?» አለቻት። «እሺ እትዬ» አለቻት፤ እንደ ታዘዘ ልጅ። ግን አላለቀሰችም።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ጥርስሽ ሊነቀል ሲል መርፌ ይወጉሽ የለ? ከንፈርሽን ብትነክሺው አታውቂውም። እኔ ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ነኝ። ሰው ሲስቅ አያለሁ፣ ሲያለቅስ አያለሁ። አውቀዋለሁ፣ ግን አይሰማኝም።»

የኮምፒውተሩ ሲስተም የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚያ በፊት ስምሪት ማለት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ፣ በምስማር ላይ የሚንጠለጠሉ የቆርቆሮ ቁጥሮች፣ አንድ ስልክና የእሷ ጉሮሮ ነበር። አውቶቡስ መንገድ ላይ ቢበላሽ የምንሰማው ሾፌሩ ስልክ ሲያገኝ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ወሩ ካለቀ በኋላ በተጠረዘ ሪፖርት ያነበዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኛ ነገር» ይል ነበር በየስብሰባው። ወጣት ነው፤ በጎ ሰው ነው፤ ድርጅቱን በጨለማ የሚነዳ ስለመሰለው እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

እናም በየአውቶቡሱ ዳሽቦርድ ሥር የሳሙና መያዣ የምታህል ጥቁር ዕቃ ተገጠመች። አውቶቡሱ የት እንዳለ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደቆመ፣ ፍሬን እንዴት እንደተያዘ ሁሉን ወደ ቢሮ ትልካለች። ሾፌሮቹ ወዲያው ስም አወጡላት፦ «አማቲቱ»። ጥግ ይዛ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ የማታየው ነገር የለም፣ ያየችውን ደግሞ ለሌላ ትናገራለች።

የቢሮ ሰው ግማሹ ኮምፒውተሩን እንደ ተናካሽ ውሻ ሸሸው። እትዬ ስምሪት ግን ከሁላችን ቀድማ ለመደችው። ልታሠለጥነን የመጣችው ባለሙያ «እንዴት ያለ ፈጣን አእምሮ ነው!» ብላ አደነቀቻት። አእምሮ ብቻ አልነበረም። ሲስተሙ «አይዞሽ» አይላትም። «እንዴት ነሽ?» ብሎ ፊቷን አያጠናም። ካርታው ላይ አረንጓዴ ነጥቦች ይንቀሳቀሳሉ፤ እሷ ትመለከታቸዋለች፤ ቀኑ ይመሻል። ከሰው ጋር ከመዋል ይህ ቀለላት።

አሠልጣኟ በመጨረሻው ቀን አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችን። «ይሄ ሲስተም ብልህ አይደለም» አለች። «የምታስገቡለትን ተቀብሎ፣ ደምሮ፣ አሳምሮ ለአለቆቻችሁ የሚያሳይ ነው። ሽንብራ ከዘራችሁበት ስንዴ አያበቅልም።» ሁላችንም ጻፍነው። አጨብጭበን ሸኘናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ አውቶቡስ ሲዘገይ ወይም ፍሬን በኃይል ሲያዝ ስሙ በቀይ ይመጣል። ቀዩን ሲጫኑት አንዲት ሳጥን ትከፈትና «ምክንያት ይምረጡ» ትላለች። ከሥሩ ዝርዝር አለ፤ መጀመሪያ የትራፊክ መጨናነቅ፣ ቀጥሎ የመንገድ ብልሽት፣ የተሽከርካሪ ብልሽት፣ የአሽከርካሪ ችግር፣ መጨረሻ ላይ ሌላ። ምክንያቱ ሲመረጥ ቀዩ ይጠፋል። የስምሪት ሠራተኛዋ ሾፌሩን ጠይቃ ትክክለኛውን እንድትመርጥ ነበር የታሰበው። እትዬ ስምሪት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠየቀች። ከዚያ መደወሉ ደከማት። ሰው ድምፅ ሲሰማ ወሬ ይጀምራል፤ ወሬ ሲጀምር ስለ ባሏ ያነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መጫን ጀመረች። መጨናነቅ። መጨናነቅ። መጨናነቅ። ቀዩ ይጠፋል። ክፋት አልነበረበትም፤ ሐሳብም አልነበረበትም።

በግቢያችን «እርጋታ» የምንለው አንድ አንጋፋ ሾፌር ነበረ። መሪ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ሰው አልገጨም፣ በማንም ላይ ጡሩምባ ነፍቶ አያውቅም። ቸኩሎ የሚጮህበት ተሳፋሪ ካለ መለስ ብሎ «እርጋታ ወንድሜ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል። ቅጽል ስሙ ከዚያ መጣ። የእትዬ ስምሪት ባል የልብ ወዳጅ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ሁለቱ ከጋራዡ ጀርባ በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ዳማ ይጫወታሉ፣ እየተሸነፈ የሚቆጣው ሁልጊዜ እርጋታ ነው። እሷን «እቴ» ይላታል። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ግን አንተ ነው የምትለው፣ እንደ ቤተሰብ።

እርጋታ የሚነዳው በመስመር ሰባት ነበር፤ ከገበያው ተነስቶ ኮረብታውን ዞሮ ፋብሪካዎቹ ጋ የሚያበቃው ረጅም መስመር። ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ የእርጋታ አውቶቡስ በየምሽቱ ቀይ ይመጣ ጀመር። ቀን ቀን ደህና ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ይዘገያል፣ ፍሬን በድንገት ይያዛል፣ ጥቂት ይሄድና እንደገና ይያዛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እትዬ ስምሪት «እርጋታና ድንገተኛ ፍሬን? ይሄማ ነገር አለው» ባለች ነበር። ያኔ ግን ቀዩን አየች፣ ሳጥኑን ከፈተች፣ መጨናነቅ አለች፣ ዘጋች።

ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለን። ሥራ አስኪያጁ ትልቁን ስክሪን አስከፍቶ ባለ ቀለም ሰንጠረዦቹን ያሳየናል፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። በአንዱ ሰኞ የመስመር ሰባትን ሰንጠረዥ አወጣና «ተመልከቱ» አለ። «ሲመሻሽ ያለማቋረጥ መጨናነቅ ነው። ይሄ ግምት አይደለም፤ ዳታው ነው የሚናገረው። የመጨረሻውን ዙር መጨናነቁ እስኪቀል ወደ ኋላ ብንገፋው ተሳፋሪውም አይንገላታም፣ ነዳጅም አይቃጠልም።» የነዳጅ ነገር ስለሆነ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። እትዬ ስምሪት ከጎኔ ነበረች። ምንም አላለችም። ውሳኔው ጸደቀ፤ የእርጋታ የመጨረሻ ዙር ከድንግዝግዙ ወጥቶ ወደ ጨለማው ተገፋ።

በሳምንቱ እርጋታ ወደ ቢሮዋ መጣ። በግድግዳው በኩል ሰማሁት።

«እቴ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ዙር ለሌላ ሰው ብትሰጪልኝ።»

«ሲስተሙ ነው የመደበው ጋሼ።»

«እሱማ ነው። ግን አንቺ ትቀይሪዋለሽ አሉኝ።»

«ጥያቄ አስገባ። ለሰኞ ይቀርባል።»

እሱ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሞ እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ ገብቷት ነበር፤ ግን ካርታው ላይ ዓይኗን ተክላ እስኪሄድ ጠበቀች። «እሺ እቴ፣ ሥራ አላስፈታሽ» ብሎ ወጣ። ጥያቄም አላስገባም።

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ሴትዮ የመጣችው። ክንዷ እስከ ክርኗ በጄሶ ታስሮ፣ በአንገቷ ላይ በተንጠለጠለ ሻሽ ተደግፏል። ጥበቃው ወደ ቅሬታ ክፍል ላካት፤ የቅሬታ ክፍሉ ሰው ዕረፍት ላይ ስለነበር ስምሪት ክፍል ገባች። ልብስ ሰፊ ናት።

«ማንንም ልከስ አይደለም የመጣሁት» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው። ራሱ ደግፎ አነሳኝ። ግን አንድ ሰው ይስማኝ ብዬ ነው። በመስመር ሰባት ማታ ማታ ነው የምመለሰው። ያን ቀን አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ ትኬት ቆራጯ ኋላ በሰው ታግታለች። ሜዳ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ምንም በሌለበት ቀጥ አደረገው። ሰዉ ሁሉ ተረፍርፎ እኔ ላይ ወደቀ።»

«መጨናነቅ አልነበረም?» አለቻት እትዬ ስምሪት።

«ምን መጨናነቅ! በዚያ ሰዓት? መንገዱ እንደ ተጠረገ ደጅ ባዶ ነበር እንጂ።» ሴትዮዋ ጄሶውን ባልታመመው እጇ ደገፈች። «ቀኝ እጄ ነው እኮ። መቀስ የምይዝበት።»

እትዬ ስምሪት ሴትዮዋን ከሸኘች በኋላ አደጋው የደረሰበትን ምሽት በሲስተሙ ፈለገችው። ቀይ ነበረ። አጠገቡ በራሷ መለያ ተመዝግቧል፦ የትራፊክ መጨናነቅ። ሰው ሲጎዳ ለብቻው የሚላክ ማስታወሻም አለ፤ እሱም ሳታነበው ከቀዩ ጋር አብሮ ተዘግቷል። ወደ ኋላ እየሄደች የእርጋታን ቀዮች ሁሉ አየቻቸው። ተደርድረው፣ አምሮባቸው፣ ሁሉም መጨናነቅ። «ያኔ ደነገጥሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አልደነገጥኩም» አለችኝ። «መደንገጥ እንዳለብኝ ግን ገባኝ። ስለዚህ ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ።»

የእርጋታን የመጨረሻ ዙር ከገበያው ፌርማታ ጠብቃ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ በኋላ በር ገባችና ወደ ፊት ተጠግታ ተቀመጠች። መንገዱ መብራት በመብራት ሆኗል። ትኬት ቆራጯ ከኋላው በር አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ አልነበረችም። ትኬቱን በጥድፊያ ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ወደ ፊት ሄዳ ከሾፌሩ ጎን ብረቱን ይዛ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ በጆሮው ታወራለች። ከእትዬ ስምሪት ፊት የተቀመጠች አንዲት ተሳፋሪ ለጓደኛዋ «ይሄ ሽማግሌ ምን ቢያወራት ነው እንዲህ ያጣበቃት?» ብላ ሳቀች።

እትዬ ስምሪት አንድ ወንበር ወደ ፊት ተሻገረችና አዳመጠች።

«ቀይ ነው ጋሼ... ቀይ... አሁን አረንጓዴ በራ፣ ይሂዱ። በቀኝ በኩል ጋሪ አለ፣ ራቅ ይበሉለት። ሴትዮ ልትሻገር ነው፣ ይጠብቋት... አለፈች። ፌርማታው ላይ ሁለት ሰው አለ። ጠጋ ይበሉ። ትንሽ ቀርቶታል። እሺ፣ እዚህ ላይ።»

ኮረብታውን እንዲህ ዞሩት። እጆቹ መንገዱን ለዘመናት ስለሚያውቁት ኩርባዎቹን አልሳታቸውም። መንገዱ የማያውቀውን ነገር ግን እጁም አያውቀውም፤ የቆመ መኪና፣ የሚሮጥ ሕፃን፣ የወደቀ ሳጥን። ጥላ ባየ ቁጥር ፍሬኑን ይረግጣል።

ፋብሪካዎቹ ጋ ሁሉም ወረደ፤ ትኬት ቆራጯም ውሃ ልትገዛ ወረደች። እትዬ ስምሪት ከመቀመጫዋ ተነስታ በመተላለፊያው መካከል ቆመች። እርጋታ ሞተሩን አጥፍቶ ዞረ። በመካከላቸው አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ፊት ለፊት እያያት፣ በትሕትና፣ «እመቤት፣ እዚህ ነው መጨረሻው» አላት።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

እርጋታ እንደ ተመታ ሰው ወደ መሪው ተመልሶ ዞረ። «ቀን ቀን ደህና ነኝ» አለ። «ሲመሽ ነው። መብራቱ ሁሉ ይፈነዳብኛል። እያንዳንዷ አምፖል ትሰፋና ትሰፋና መንገዱን ትውጠዋለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ መጥቼ ነበር። ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

ይህን ሲላት ምንም እንዳልተሰማት ነው የነገረችኝ። ያየችው ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን ብቻ ነው፤ ጥፍሮቹ በአጭሩ ተቆርጠው፣ ንጹሕ ሆነው።

«ይቺን ዓመት ብቻ እቴ» አለ። «ጡረታዬ ደጅ ላይ ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ታይልኛለች። ያን ቀን ሰው በዝቶባት ነው።»

«የወደቀችው ሴትዮ ልብስ ሰፊ ናት ጋሼ። የተሰበረው እጇ ነው።»

እርጋታ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ነገ አንተው ራስህ ለአለቆቹ ንገር» አለችው። «ሐኪም ይይህ። ካልነገርካቸው ግን ቁልፍ አልሰጥህም።»

በማግስቱ ጠዋት ሾፌሮች እንደ ልማዳቸው በስምሪት መስኮት ፊት ተሰልፈው ቁልፍ ይቀበሉ ነበር። እርጋታም ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ እጁን ዘረጋ። የሆነው ሁሉ በእኛ ፊት ነው።

«ነገርካቸው?»

«ቁልፌን ስጪኝ።»

«አልሰጥህም ጋሼ።»

ከኋላው ያሉት ሾፌሮች ሳቃቸውን አቆሙ። እርጋታ ፊቱ ደም ለበሰ፤ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ከፍ አደረገ። «ለባልሽ፣ ለዚያ ለወንድሜ አፈር ስል ዝም አልኩሽ!» አለና ባርኔጣውን አወለቀ፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረው፣ ግቢውን አቋርጦ በእግሩ ወጣ። እሷም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ምድቡን ስትሰርዝ ሳጥኗ ተከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝርዝሩን እስከ ታች ወረደችበት፤ ሌላ የሚለውን መርጣ «ሲመሽ ዓይኑ አያይም» ብላ ጻፈች። ቀጥለው ለተሰለፉት ሾፌሮች ቁልፍ አደለች።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት በኋላ አስጠራት፤ የነዳጁን ሪፖርት ይዤ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ። ሁሉን ነገረችው፤ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፣ በለሆሳስ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

«ይሄ ሁሉ መጨናነቅ ታዲያ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የጊዜ ሰሌዳውን የቀየርነው በዚያ ነው እኮ። ለመንገድ መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለምን መጨናነቅ አሉት?»

«መጀመሪያ ላይ ስላለ ነው።»

«የት ነው መጀመሪያ ላይ ያለው?»

«ዝርዝሩ ላይ።»

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ ቃል ሲፈልግ አየሁት፤ አላገኘም። ስክሪኑን ተመለከተ፤ የሚያማምሩ ቀለማቱን አንድ በአንድ አየ፤ የትኛው እውነት የትኛው የደከማት ሴት ጣት እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለ። «እኔም ከዚህ ወንበር ተነስቼ አንድ ቀን አልተሳፈርኩም። ግን ማስጠንቀቂያ መጻፍ አለብኝ።» «ይጻፉ» አለችው። ተጻፈ። ፈርማ ተቀበለች፤ ወደ ቤቷ ሄዳ ከእህቷ ጋር ራት በላች፣ ተኛች።

የጊዜ ሰሌዳው ወደ ድሮው ሰዓት ተመለሰ። ሾፌር ሳይጠየቅ ምክንያት መምረጥ ቀረ። ሾፌሮች ሁሉ ለዓይን ምርመራ ተላኩ፤ ከእርጋታ ሌላ አንድ ሰው ወደቀ፣ እሱ ግን መነጽር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አሁን መነጽሩን አድርጎ ከሥራ አስኪያጁ ይበልጥ ሥራ አስኪያጅ ይመስላል።

እርጋታ ግቢውን ለቆ በወጣ በሳምንቱ ሚስቱ መጣች። የስምሪት ክፍሉን በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። «የራስሽን ባል ቀብረሽ የእኔን ደግሞ ከነነፍሱ ልትቀብሪው?» እያለች ጮኸች። ላገላግል ተነስቼ ሄድኩ። እትዬ ስምሪት ግን ቆማ ታዳምጣት ነበር፣ ፊቷ እንደ ተዘጋ በር። ሚስትዬዋ እስኪደክማት ጮኸች። ከዚያ እትዬ ስምሪት ወንበሯን ገፋ አደረገችላት። «ተቀመጪ» አለቻት። «ምን እንደሆነ ነግሮሻል?»

«ሥራ አስወጣችኝ አለኝ።»

«ዓይኑን?»

«ምን ዓይኑን?»

ነገረቻት። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ ተቀመጠች። «ማታ ማታ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል» አለች ለራሷ። «መብራት አታብሪ ይለኛል። እኔ ደግሞ ቆጣቢ ሆነ ብዬ...» ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እትዬ ስምሪት የሐኪም ቤቱን አድራሻ ጽፋ ሰጠቻት። አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት። እጇን ትከሻዋ ላይ ልታደርግ አስባ እንደነበር፣ ግን እጇ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ስለታያት እንደተወችው ነግራኛለች።

እርጋታ ታከመ። የአንዱ ዓይኑ ሞራ ተገፈፈለትና በደንብ ያይ ጀመር፤ ሌላኛው ግን ውስጡ ተጎድቶ ቆይቷል፣ ሐኪሙ አይመለስም አለ። ሕዝብ የጫነ መኪና መንዳት እንደማይችል ጻፈለት። ድርጅቱ ጡረታው እስኪደርስ አዲስ ሾፌሮችን እንዲያሠለጥን መደበው። ልብስ ሰፊዋ ሕክምናዋ በድርጅቱ ተሸፈነ፤ ጄሶው ወለቀ። መቀስ ትይዛለች። የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ ግን እንደ ድሮው አይወጣላትም፤ እሱን ለሌላ ሰው ትሰጣለች። አንዳንድ ነገር እንዲህ ነው፣ ተስተካክሎም ይጎድላል።

እርጋታ ወደ ግቢው በተመለሰ በመጀመሪያው ጠዋት ከእትዬ ስምሪት ጋር በር ላይ ተገጣጠሙ። ሁላችንም በየመስኮታችን ሆነን አየን። እሷ ቆመች። «ጋሼ» አለች። እሱ ባርኔጣውን አነሳ፤ ጎንበስ አለ፤ «እንደምን አደሩ? ደህና ነዎት?» ብሏት አለፈ።

ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ክፍል ገባችና ተቀመጠች። የነዳጅ ሂሳብ እየደመርኩ ስለነበር ቀና አላልኩም።

«እርስዎ አለኝ» አለችኝ።

«ምን?»

«ጋሼ እርጋታ። አንቺ ነበር የሚለኝ። እርስዎ አለኝ።»

ቀና ስል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር፤ እንደሚያማት ሳይሆን፣ የጠፋ ነገር ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው። «ያማል» አለች በመገረም። «ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ። ያማል።» ወንበሬን አጠጋሁ፤ አብረን ተቀመጥን፤ ስልኳ በግድግዳው ማዶ ሲጮህ ተነስታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ብዙውን ቀን ያው ናት። አሁን ግን በሳምንት አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዋን ትዘጋለች፤ ቀይ በበዛበት መስመር ተሳፍራ ዞራ ትመጣለች። እርጋታ እስከ ዛሬ እርስዎ ነው የሚላት። ሰላምታው ግን ትንሽ ረዘም ብሏል፤ ስለ እህቷ ጤንነት ይጠይቃል።

በቀደም የሥልጠና ክፍሉ በር ክፍት ነበር፤ እትዬ ስምሪት የምድብ ወረቀት ልታደርስ ሄዳ፣ እኔም አብሬያት ነበርኩ። እርጋታ አዲሶቹን ሾፌሮች አስቀምጦ ግድግዳው ላይ የመስመር ሰባትን ካርታ በፕሮጀክተር ከፍቷል፤ ቀያዮቹ ነጥቦች በኮረብታው ዙሪያ እንደ ኩፍኝ ወጥተዋል።

«ይሄ ሾፌር ምን የሆነ ይመስላችኋል?» አላቸው።

«ጠጥቷል» አለ አንዱ።

«እንቅልፍ ይዞታል» አለች ሌላዋ።

«ይሄ ሾፌር እኔ ነኝ» አለ እርጋታ። ማንም አልሳቀም። «መሣሪያዋ ስትናገር ነበር። ሰሚ አጣች። እኔም ዓይኔ ሲነግረኝ ልሰማው አልፈለግሁም። መሪ ስትይዙ ዓይናችሁን ስለ ዓይናችሁ ጠይቁት፤ ጉልበታችሁን ስለ ጉልበታችሁ ጠይቁት። አፍራችሁ ዝም ካላችሁ ሌላ ሰው ነው የሚሰበረው።»

«በመጨረሻ ማን አስቆመዎት?» አለ ጠጥቷል ያለው።

እርጋታ በር ላይ ያለነውን አላየንም፤ በዚያ በኩል ያለው የማያይ ዓይኑ ነው። «አንዲት ሴት ቁልፍ ከለከለችኝ» አለ። «በሰው ፊት። በጣም ተናድጄባት ነበር።» ጥቂት አሰበና «አሁንም ገና አልበረደልኝም» አለ።

አሁን ሳቁ። እትዬ ስምሪት ወረቀቱን ደረቷ ላይ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መግባት ትችል ነበር፤ ባዶ ወንበርም ነበረ። አልገባችም፤ አልሄደችምም። ትምህርቱን እስኪጨርስ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችው።